ድንጋዩን የመጨረሻው ሰው ያወርዳል

አባቴ ያን እሁድ ከቅዳሴ ተመልሶ ሙሉ ልብሱን ሳያወልቅ ሳሎን ተቀመጠ። ለወትሮው ቤት ሲገባ ጫማውን በር ላይ ጥሎ፣ ቢጃማውን ለብሶ፣ ሬዲዮኑን ጆሮው ሥር አድርጎ እንቅልፉን ይለጥጣል። ያን ቀን ግን ከረባቱን እንኳ አላላላም። እናቴ ከቅዳሜ ጀምራ ዶሮ ስትሠራ ቆይታ፣ አሁን ወንበሮቹን ደጋግማ እያስተካከለች ወደ ግቢው በር ትመለከታለች። እኔ ጓዳ ነኝ። ሽማግሌ የሚላክባት ልጅ ቦታዋ ጓዳ ነው፤ በመጋረጃው ስንጥቅ ታያለች፣ ድምፅ አታሰማም።

ይሄ ሁለተኛው ቀን ነው። የመጀመሪያው ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር። በኛ ቤት ወግ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። አባት ኮስተር ብሎ "የምንሰጠው ልጅ የለንም" ይላል። ሽማግሌዎቹ ይለማመጣሉ፣ "እንግዲያው ቀን ይቁረጡልን" ይላሉ፣ ሄደው ይመለሳሉ። እሺ የሚባለው ለተመለሰ ሰው ነው። ጎጃም ያሉት አያቶቼም፣ ቀራንዮ ተወልደን ያደግነው እኛም ይህን ለማወቅ አስተማሪ አላስፈለገንም። ልጁን ባንዴ አንስቶ የሚሰጥ አባት ከቤቱ ሊያባርራት ቸኩሏል ነው የሚባለው።

ረፋዱ አለፈ። እኩለ ቀን ሆነ። የግቢያችንን በር ያንኳኳ የለም።

አባቴ ተነሣ። ከረባቱን ፈታና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወደ ጓዳው መጋረጃ ዞሮ፣ እዚያ መሆኔን እያወቀ፣ በጣም ረጋ ብሎ ተናገረ።

"ያልተመለሰ ሰው ድሮም አልፈለገም ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ የዚያ ልጅ ስም እዚህ ቤት አይነሣ።"

ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። አባቴ ሲጮህ ይበርድለታል፤ እንዲህ ረጋ ሲል ነው ነገር የሚያልቀው። እናቴ ድስቱን ከድና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ የጓዳው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ማልቀስ እንኳ አልመጣልኝም፤ ምን እንደሆነ ገና አልገባኝም ነበርና።

ልጁ ኤባ ይባላል። አየር ጤና፣ ከአባቴ ብረታ ብረት መደብር ፊት ለፊት፣ ባምላኩ የሚባል የድሮ የሳይክል ተወዳዳሪ ጋራዥ አለው። ኤባ እዚያ ሳይክል ይጠግናል። እኔ ማዶ ደረሰኝ እቆርጣለሁ። እሱ ከሥራው ቀና ሲል አየዋለሁ፤ እኔ ቀና ስል ያየኛል፤ መሃላችን ላይ የሚኒባስ ረዳት "ጦር ኃይሎች፣ ሜክሲኮ" እያለ ይጮሃል። እንዲህ ቃል ሳንለዋወጥ ስንተያይ ወራት ሄዱ። በመጨረሻ እሱ እንደማይሻገር ሲገባኝ መንገዱን እኔ ተሻገርኩ፤ ሳይክል መንዳት መማር እፈልጋለሁ አልኩት። እችል ነበር እኮ! ከልጅነቴ ጀምሮ የሰፈሩን አቀበት ስወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። አስተማረኝ፣ ተማርኩ፣ በየመሃሉም ሆን ብዬ ወደቅኩ።

እነባምላኩ እሁድ እሁድ በቡድን ይወጣሉ። ከአየር ጤና በቀለበት መንገዱ ወደ ቃሊቲ፣ አቃቂን አልፈው ደግሞ የድሮውን የጅቡቲ ባቡር ሀዲድ ይዘው ወደ ዱከም። ባቡሩ ከቆመ ቆይቷል። ሀዲዱ አንዳንድ ቦታ ተነቅሏል፣ አንዳንድ ቦታ ሣር ውጦታል፣ አንዳንድ ቦታ ሰው የአጥር ቋሚ አድርጎታል። ከጎኑ ግን ሰውና አህያ የሚሄዱበት ቀጭን መንገድ አለ፤ መኪና የለ፣ ጡሩምባ የለ፣ ለሳይክል ገነት ነው።

መንገዱ በየቦታው ስለሚከፈል ሕግ አለን። ከፊት የሚነዳው ሰው መገንጠያ ላይ ሲደርስ፣ በሚታጠፍበት በኩል ሀዲዱ ላይ ድንጋይ ያስቀምጣል። ከኋላ የሚመጣው ድንጋዩን አይቶ ይከተላል። የመጨረሻው ሰው ድንጋዩን ያወርዳል፤ ሌላ ቀን ሌላ ሰው እንዳያሳስት። ከፊት ሁሌ ኤባ ነው። የመጨረሻዋ ሁሌ እኔ። ስለዚህ እሱ እያስቀመጠ፣ እኔ እያወረድኩ፣ መሃላችን ያሉት ሳያውቁ ስንነጋገር እንውል ነበር። የሚወዱት ሰው እጅ የነካውን ድንጋይ መንካት እንዴት እንደሚያስደስት ያፈቀረ ያውቀዋል፤ ላላፈቀረ ባስረዳም አይገባውም።

ዱከም ሳይደረስ ጣሪያው የተወሰደ የባቡር ጠባቂ ቤት አለ። የምናርፈው እዚያ ነው። ሽማግሌ ልልክ ነው ያለኝም እዚያ ነው። ወላጆቹ በሕይወት የሉም። እህቱ ኢፍቱ ድሬዳዋ ናት፤ አጎቱ ገሜዳ ከሰበታ ማዶ ነው፣ ጉልበቱን አሞት ከቤት አይወጣም። ቢቸግረው ባምላኩንና ሁለት የሳይክል ጓደኞቹን ላከ።

ሦስቱም ወግ አያውቁም። ባምላኩ ዕድሜው ከአርባ አልፎ ገና ወንደላጤ ነው፤ ሽማግሌ ልኮም ተልኮም አያውቅም። ጋቢ ተውሰው ለብሰው፣ ከጋቢው ሥር የሳይክል ጫማቸውን እንዳደረጉ መጡ። ሴራሚኩ ላይ ቀጭ ቀጭ እያሉ ሲገቡ ጓዳ ሆኜ በነጠላዬ አፌን አፈንኩ። ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር አይቀመጥም፤ ቆሞ ነው የሚለምነው። እነሱ ግን አባቴ "ቁጭ በሉ" ሲል ቁጭ አሉ። "የምንሰጠው ልጅ የለንም" ሲል ደግሞ ተነሥተው፣ አመስግነው፣ ወጡ። ቀን ይቁረጡልን የለ፣ ምን የለ። እናቴ ደንግጣ እስከ ግቢው በር ተከትላቸው "የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ ቤት ነን" አለቻቸው።

ያን ቀን ከሄዱ በኋላ አባቴ ሳቀ። ጫማውን አየሽው ወይ ብሎ እናቴን ጠየቃት። በማግስቱ ደግሞ ለማንም ሳይናገር መንገዱን ተሻግሮ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ቆይቶ እንደነበር፣ ማታ "ልጁ ሰው ያከብራል" እንዳላት እናቴ በጆሮዬ ነገረችኝ። ደስታዬን ምኑ ላይ ላስቀምጠው? አባቴ ለኔ አንድ ነገር ብቻ አለኝ። ሽማግሌ ቤቴ ተልኮ ሳለ ልጄ ከልጁ ጋር በስልክ ስትሞዳሞድ እንዳልሰማ፤ ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ ሃሎ እንኳ እንዳትይ። እሺ አልኩ። ለአባቴ እሺ ካልኩ እሺ ነው።

ኤባ ደወለ። አላነሣሁም። ደግሞ ደወለ። ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ መጥራቱን እስኪያቆም ፈገግ ብዬ እጠብቅ ነበር። ናፍቆት ነው የሚያስደውለው ብዬ ነዋ። መደብር እንኳ አባቴ ከጓሮ በኩል መጋዘን አስቀምጦኝ ስለነበር ማዶውን አላይም። ከሳምንት በኋላ ጥሪው ቆመ። ወጉን ሰምቶ ይሆናል፣ ጎበዝ ልጅ ብዬ ኮራሁበት።

እና ያን እሁድ ከጓዳው ወለል ላይ ተነሥቼ ደወልኩለት። ስልኩ ዝግ ነው። ነጠላዬን ጣል አድርጌ በጓሮ በር ወጣሁ።

ጋራዡ ግማሽ በሩ ክፍት ነበር። ባምላኩ ብቻውን ቁጭ ብሏል። ሲያየኝ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ከወንበሩ ተነሣ። ለምን አልተመለሳችሁም አልኩት። የት ነው የምንመለሰው አለኝ። አባትሽ በግልጽ እምቢ ብለውናል፤ እናትሽ ደግ ሴት ስለሆኑ እሁድ ቤት ነን ብለው በጨዋነት ሸኙን አለ። እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኩት። እየነገርኩት ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግንባሩን በቅባት እጁ ይዞ ተመልሶ ተቀመጠ።

"ራዕይ፣ እኔ ስፖርተኛ ነኝ" አለኝ። "ዳኛ እምቢ ካለ እምቢ ነው። ማን ነገረኝ?"

ኤባ ጠዋት ወጥቷል። መሣሪያውን ለባምላኩ ትቶለት፣ ጋቢና አንድ ሻንጣ ሳይክሉ ላይ ጭኖ፣ ሀዲዱን ይዞ እየነዳ ድሬዳዋ እህቱ ጋ ሊኖር ሄዷል። አውቶቡስ ለምን አትይዝም ሲባል ቀስ ብዬ ነው መሄድ የምፈልገው አለ አሉ። ዛሬ ሞጆ ያድራል። የጋራዡን ቁልፍም መልሶለታል፤ ቁልፍ መለሰ ማለት አልመለስም አለ ማለት ነው። ባምላኩ ታክሲ ልጥራልሽ አለ። ታክሲ ሀዲዱ ላይ አይሄድም። ሳይክሌን ከጋራዡ ግድግዳ አወረድኩት። ቀሚስ ነው የለበስኩት፤ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ወጣሁ።

እስከ ቃሊቲ ያለውን አላስታውስም። መኪና ጮኸብኝ፣ ሰው ሰደበኝ፣ ቀይ መብራት አለፍኩ። የማስታውሰው ከአቃቂ በኋላ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። የአቃቂን ጥቁር አፈር የማያውቅ ሰው ዝናብ ሲነካው ምን እንደሚሆን አያውቅም፤ ጎማ ይይዛል፣ ጫማ ያወልቃል። በየመሃሉ እየወረድኩ በእንጨት እየፋቅኩ፣ እየገፋሁ፣ እየነዳሁ ሄድኩ። አንዴ ተንሸራትቼ ጉልበቴ ሀዲዱን መታ፤ ደሙን በነጠላዬ ጠረግኩት። ብደርስስ ምን እለዋለሁ? እያልኩ እነዳለሁ። አባቴ በሩን ዘግቷል፤ እሱ ቁልፉን መልሷል። ሁለቱም ቃላቸውን የማያጥፉ ሰዎች ናቸው፤ መሃላቸው ያለሁት እኔ ነኝ። ለማን ልጩህ?

የመጀመሪያው መገንጠያ ላይ ስደርስ ድንጋይ አየሁ።

በስተቀኝ ሀዲዱ ላይ፣ መሃል ለመሃል፣ እሱ እንደሚያስቀምጠው አድርጎ። ከሳይክሌ ወርጄ አየሁት። ዛሬ ቡድኑ አልወጣም። ከኋላው ማንም የለም። ብቻውን አገር ለቆ የሚሄድ ሰው ለማን ነው ድንጋይ የሚያስቀምጠው? ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። አወረድኩት፤ ሕጉ ነውና። ሁለተኛውም መገንጠያ ላይ አለ። ሦስተኛውም ላይ። እየወረድኩ፣ እያነሣሁ፣ እያለቀስኩ፣ ኤባ ቆይ፣ ኤባ ቆይ እያልኩ። መንገደኞች እብድ ናት ብለው አልፈውኛል መሰለኝ። አንዲት እናት "አይዞሽ ልጄ" አሉኝ፤ ምን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ።

ቀጥሎ ያለው መገንጠያ ትልቁ ነው። በግራ ወደ አስፋልቱ ይወጣል፣ በቀኝ ሀዲዱን ይዞ ይቀጥላል። እዚያ ድንጋይ የለም። በቀኝም የለም፣ በግራም የለም። ወድቆ ይሆናል ብዬ ሣሩን በእጄ ዳበስኩ። ተንበርክኬ ጠጠሩን ሁሉ አየሁ። የለም። አስፋልት ወጥቶ መኪና ላይ ጭኖ ከሆነ አሁን የት ደርሷል? እስከዚህ ድረስ ይከተለኛል የሚለው ሰው ነበረው፤ እዚህ ሲደርስ ተስፋ ቆረጠ ማለት ነው። ሀዲዱ ላይ ቁጭ ብዬ ጮኼ አለቀስኩ። ወደ ኋላ ብመለስ የምመለስበት ቤት ውስጥ ስሙ አይነሣም። እንደዚያ ቀን ያለ ብቸኝነት አይቼ አላውቅም።

የተነሣሁት ተስፋ ስለነበረኝ አይደለም። ያቺ ጣሪያ የሌላት ቤት ቅርብ ስለነበረች ነው። ባላገኘውም እዚያ ደርሼ ባለቅስ ይሻላል ብዬ ነው በቀኝ የታጠፍኩት።

ሳይክሉ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ኤባ ደፉ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ሲያየኝ አልተነሣም። ጭቃዬን፣ ደሜን፣ ቀሚሴን ተራ በተራ አየ፤ ዓይኑን ከፊቴ ላይ ግን ቶሎ አነሣ። ጎማዬ ተንፍሶ ነው እንጂ ሞጆ እደርስ ነበር አለኝ፤ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።

"ለምን አልተመለሱም?" አልኩት።

"እነማን?"

"ሽማግሌዎችህ። አባቴ ከረባት አስሮ ጠብቋቸዋል። እናቴ ዶሮ ሠርታለች።"

የወጉን ነገር፣ የእምቢታውን ነገር እያለከለኩ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። እሱን አውቃለሁ አለኝ፤ በኛም አገር ሽማግሌ ይመለሳል፣ አጎቴ ገሜዳ ቢሆን ኖሮ ደጃችሁ ላይ ያድር ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አባትሽ እምቢ ቢሉ ሺህ ጊዜ እመለሳለሁ፣ ራዕይ። እኔ የደወልኩት አንቺ ምን ትያለሽ ብዬ ነው። ደወልኩ፣ አላነሣሽም። ደወልኩ፣ አላነሣሽም። ማዶ አየሁ፣ ወንበርሽ ባዶ ነው። አንቺ እምቢ ካልሽ ወዴት ነው የምመለሰው?"

ለአባቴ የገባሁትን ቃል ነገርኩት። ስልኩ በጠራ ቁጥር ደረቴ ላይ አድርጌ ደስ ይለኝ እንደነበር፣ ጥሪው ሲቆም እንኳ እንደኮራሁበት ነገርኩት። እሱ ማዶ ሆኖ ሲቃጠል እኔ መጋዘን ውስጥ ስቄያለሁ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ እንጂ አልነካሁትም። ለመንካትም አቅም አልነበረኝም።

ቆይቼ የሳይክሉን የኋላ ጎማ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ አልጎደጎደም። የፊቱንም ተጫንኩት።

"ኤባ፣ ጎማህ አልተነፈሰም።"

"አውቃለሁ" አለ።

"ድንጋዩስ? መገንጠያው ላይ የለም።"

ከጃኬቱ ኪስ አውጥቶ መዳፉ ላይ አሳየኝ። አስቀምጦት ነበር። ትንሽ ከሄደ በኋላ ማን ሊከተለኝ ነው ብሎ ተመልሶ አነሣው። አንሥቶት ግን ከዚህ ቤት አላለፈም፤ እግሬ እምቢ አለኝ አለ። ድንጋዩን ወሰድኩበት።

ከዚያ አባቴ ያለውን ነገርኩት። ስምህ ቤታችን አይነሣም፣ ነገሩ አልቋል ብሏል አልኩት። ኤባ ወዲያው ተነሣ። አሁኑኑ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ አለ። ከዚህ የባሰ ነገር የለም፤ ባለጉዳዩ ራሱ መጥቶ ሲለምን አባቴ በንቀት ነው የሚያየው፤ ያኔ በእርግጥ ያልቃል። ባምላኩን እንላክ አለ። ባምላኩን አባቴ በር ላይ ነው የሚመልሰው። አጎትህን አልኩ፤ አጎቱ ከቤት አይወጣም። ያለን ሁሉ ያ ነበር። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ዛሬ ካልሆነ ነገ አባቴ ልቡ ይደርቃል፤ ሲደርቅ አውቀዋለሁ፣ የገዛ ወንድሙን ካኮረፈ ስንት ዘመን ሆኖታል። ኤባ የኔን ፊት እያየ ቆመ፤ እኔ ሳይክሉ ላይ የተጫነውን ጋቢ እያየሁ ነበር።

ዱከም ላይ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ለምነን ሁለቱን ሳይክል ጫንን። ከኋላ ከሳይክሎቹ ጋር ነው የመጣነው። እጄን ይዞኝ ነበር፤ ሁለታችንም የያዝነው ለመጨረሻ ጊዜ ሊሆን ይችላል ብለን ነው፣ ስለዚህ አጥብቀን ያዝነው። አየር ጤና ወርደን እስከ ቀራንዮ ሳይክላችንን እየገፋን ሄድን። ግቢያችን በር ስንደርስ የሠርክ ደወል ተደውሏል። ኤባን እዚህ ቁም አልኩት። ጋቢውን ከሳይክሉ ላይ ፈትቼ ለበስኩት። ድንጋዩን ከኪሴ አውጥቼ በእጁ ሰጠሁትና ገባሁ።

አባቴ በቢጃማ ተቀምጧል፤ ሬዲዮኑ ግን ዝግ ነው። እናቴ ጉልበቴን አይታ "ውይ ልጄ" ብላ ልትነሣ ስትል አባቴ በእጁ አስቀመጣት። ፊቴን አላየም። ጋቢውን ነው ያየው።

"ቁጭ በይ" አለኝ።

"የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" አልኩት።

አባቴን ከተወለድኩ ጀምሮ አንተ ነው የምለው። ያን ዕለት ግን ሽማግሌ ነበርኩ።

"አቶ ቀለመወርቅ፣ የላከን ሰው አለ። ኤባ ይባላል። አባትም እናትም የለውም፤ አጎቱ ታመውበታል። የላካቸው ሰዎች ወግ አያውቁም ነበር፤ እምቢ ሲሏቸው እውነት መስሏቸው ሄዱ። ልጁ አልናቀዎትም። ልጅዎ ስልኩን ሳታነሣ ስትቀር የጠላችው መስሎት፣ ልቡ ተሰብሮ አገር ሊለቅ ነበር። ከመንገድ መልሰነዋል። ልጅዎን ይስጡን።"

ጭቃው ከቀሚሴ ላይ ሴራሚኩ ላይ ይንጠባጠባል። አባቴ እምቢ ካለ ከዚህ በኋላ ማንም የለኝም፤ የሚላክ ሰው አልቆብኛል። ቆሜ ጠበቅኩ። እንዲህ ቆሜ ማደር ካለብኝም አድራለሁ አልኩ በልቤ።

"ሽማግሌ ብቻውን አይመጣም" አለ አባቴ በመጨረሻ። "ጓደኞችሽ የታሉ?"

ያን ጊዜ እናቴ ተነሣች። ነጠላዋን አደግድጋ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ባሏን ፊት ለፊት እያየች። አባቴ ሁለታችንን አየ፤ እሷን ለረጅም ጊዜ አየ።

"አንቺም?"

"እኔም" አለችው።

አባቴ ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። ከቢጃማው ኪስ መሐረብ አውጥቶ ፊቱን ጠረገ፤ ላብ አልነበረውም። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ኮስተር አለ።

"የምንሰጠው ልጅ የለንም" አለ።

እናቴ እጄን ጨመቀችው። ባምላኩ ያላለውን ቃል እኔ አልኩት።

"እንግዲያው ቀን ይቁረጡልን።"

"የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ ቤት ነኝ" አለ አባቴ። "የሳይክል ጫማ አድርገው እንዳይመጡ። ልጅቷም እስከዚያ ስልክ ሲደወልላት ታንሣ።"

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ኤባ ጨለምለም ባለው በር ላይ ሳይክሉን ይዞ እንደቆመ ነው። አላየኝም፤ መሬት መሬቱን እያየ ነበር። ድምፄን ሲሰማ እንኳ ቀና ለማለት ፈራ።

"ምን አሉ?"

"እምቢ አሉ" አልኩት።

ቀና አለ። ጋቢውን አየ፣ እንባዬን አየ፣ መሳቄን አየ። ሳይክሉን ለቀቀው፤ ወደቀ፤ አላነሣውም። ፊቱን ግንቡ ላይ አስደግፎ "እምቢ አሉ" እያለ ደጋገመው፤ ሲስቅ ይሁን ሲያለቅስ አልለየሁትም። ቀንስ ቆረጡ ወይ አለኝ ቆይቶ። ቆረጡ አልኩት።

ሲሄድ እስከ መታጠፊያው በዓይኔ ሸኘሁት። ልገባ ስዞር የግቢያችን በር ቋሚ ሥር፣ በምገባበት በኩል፣ ያቺን ድንጋይ አየሁ። እኔ ውስጥ ቆሜ ስለምን እሱ እዚህ አስቀምጧታል። ጎንበስ አልኩ ላወርዳት፤ እጄ ነካትና ተውኳት። የመጨረሻው ሰው ነው የሚያወርደው። ከኋላ ገና የሚመጡ ሽማግሌዎች አሉ፤ ቤቱ እንዳይጠፋባቸው።